በደቂቃ ሃያ ሁለት ጠብታ

ፑንታ አሬናስ፣ ጁን 3 ቀን 1987

ውድ ራዶሚሮ፣

ደብዳቤህን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ አነበብኩት። መጀመሪያ ፊደሉን አይቼ ደነገጥኩ። ያንተ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ግቢ ነው፤ ይሄኛው ክብ ክብ ብሎ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነው። የምታስታምመኝ ሴት ናት የጻፈችልኝ ብለሃል፣ ስሟም ኡቤርሊንዳ ነው ብለሃል፣ ዕድሜዋን ግን ዘለኸዋል። ይሁን፣ ሰላም በልልኝ።

ለእህትህ ቀብር አራት ቀን ብለህ ወደ ፑዌርቶ ሞንት ከሄድክ ይኸው ሰባተኛ ሳምንትህ። ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲረጋ ቀጠሮ አይሰጥም፣ አውቃለሁ። መጥቼ አጠገብህ ብቀመጥ ደስ ባለኝ። ግን አንተው ነህ በልጃችን በዳኒሎ በኩል «ቤቱን ጥላ እንዳትመጣ፣ ቧንቧው ውስጥ ውሃ አለ፣ እሳቱ ከጠፋ በአንድ ሌሊት በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል» ያስባልከኝ። ስለዚህ ቤትህን እየጠበቅኩ ነው።

ሐኪሙ «ቤትህ ሙቀቱ ሳይቋረጥ ይውላል ያድራል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ ላልከው፦ አዎ በለው። አፍህን ሞልተህ አዎ በለው። ብርድ እንደማይሆንህ ገብቶኛል። ልጅህም በዶኛ ኔልዳ ሱቅ ስልክ ደውሎ፣ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ነግሮኛል፦ ቤቱ የማያስተማምን ከሆነ ሐኪሙ አባባን ወደዚያ አይለቅም፣ እኔ ጋ ሳንቲያጎ አራተኛ ፎቅ ይገባል፣ አንቺም ትመጫለሽ፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ገዢም አለ። ገዢውን ማን እንደጠራው አልጠየቅኩትም፤ ሰው ይሰማ ነበር። አንተ ግን የምትመለሰው ወደዚህ ቤት ነው። ቧንቧውን አንድ በአንድ በእጅህ የዘረጋህበትን ቤት ትተህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠህ የሰው ልብስ ሲሰጣ አታይም።

ድንች አለኝ፣ የበግ ሥጋ አለኝ፣ የካላፋቴ ፍሬው ማርማላታ አራት ብልቃጥ ቀርቷል። አንዱን ላንተ ደብቄዋለሁ።

ያንተው ኤዴልሚራ

ለማንኛውም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፦ የቤቱ ማሞቂያ ቦይለር ጎን ላይ ቀይ ቆብ የደፋችው የነሐስ ነገር ሥራዋ ምንድን ነው? ምንም ሆና አይደለም።


ፑንታ አሬናስ፣ ጁን 11

ውድ ራዶሚሮ፣

እሺ። አዎ። ታንጠባጥባለች።

አንድ ነገር ብጠይቅህ አራት ገጽ ጥያቄ ላክልኝ አልኩህ እንዴ? ምስኪኗ ኡቤርሊንዳ እጇ አልዛለም? ግን በተራ እመልሳለሁ። በደቂቃ ሃያ ሁለት ጠብታ፣ በወጥ ቤቱ ሰዓት ቆጥሬ። እሳቱ ሲነድ ይብሳል፣ ሲጠፋ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ውሃው ትኩስ ነው፣ ትንሽ ዝገት አለው። ባልዲው ከጠዋት እስከ ምሳ ይሞላል። መቼ ጀመረ ላልከው፦ ሜይ መጨረሻ ላይ። ስላልነገርኩህ ይቅርታ። የታመመ ሰው ላይ የሚያንጠባጥብ ነገር አይጫንም ብዬ ነው።

ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ጥሪ ያልከውንም ሳትለኝ ጠርቻለሁ። አንደኛው ከሰርጡ ማዶ የነዳጅ ካምፕ ገብቷል፣ እስከ ኦገስት አይወጣም። ሁለተኛው «ነገ» ብሎኛል። ነገ ካለኝ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

«የመሣሪያ ሳጥኔን እንዳትነኪ» ለሚለው ደግሞ፦ ሃያ ስድስት ዓመት ነክቼው አውቃለሁ? ሃያ ስድስት ዓመት የኔ ሥራ መብራት መያዝ ነው። «ወደ ግራ! ወደ ግራ እኮ ነው ያልኩሽ! የት ነው የምታዪው አንቺ ሴትዮ፣ ጣሪያውን ነው እንዴ የማጠብቀው?» ጆሮዬ ላይ አለ። ድንግል ማርያም ትመስክር፣ አሁን ያ ጩኸት ናፍቆኛል።

ዳኒሎ ጁላይ 20 እመጣለሁ ብሏል። ቤቱን በዓይኔ አይቼ ለሐኪሙ እጽፋለሁ አለኝ። ሐኪሙ የላከው ቅጽም አለው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ይህች ነገር ዝም ማለት አለባት፤ ካለበለዚያ ነገሩ አለቀ።

ደግነቱ ትናንት አበልጃችን ዶን ቤላርሚኖ ማቴ ሊጠጡ መጥተው ባልዲውን አዩ። ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ። «አበልጄ፣ ለዚህች ነው እንቅልፍ ያጣሽው? እኔ እኮ ቺሎዌ ሳለሁ ጀልባ በማዕበል መሀል ደፍኛለሁ!» አሉኝ። የሲፕሬስ እንጨት ለውታፍ ጠርበው ምድጃ አጠገብ ሊያደርቁት ነው፤ ከዚህ እሑድ ሳይሆን በሚቀጥለው ይዘውት ይመጣሉ። ስለዚህ አትጨነቅ።

ኤዴ


ፑዌርቶ ሞንት፣ ጁን 15

ውድ ኤዴ፣

እጄ ደህና ነው። ኡቤርሊንዳ የምትጽፍልኝ ሐኪሙ አትድከም ስላለኝ ብቻ ነው። (ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ዶኛ ኤዴልሚራ፦ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አምስት የልጅ ልጆች አሉኝ፣ አይስጉ።)

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ያበጠ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። ያቺ ቀይ ቆብ ያላት የማስተንፈሻ ቫልቭ ናት፤ የቤቱ አፍንጫ በያት። ስታንጠባጥብ ሌላ ቦታ ሕመም አለ ማለቷ ነው። አፍንጫ አይደፈንም! ቤላርሚኖን እንደ ወንድሜ እወደዋለሁ፤ ልጄን ክርስትና አንስቶልኛል። ግን ያንን እንጨትና መዶሻውን ይዞ ከመጣ ማቴ ስጪው፣ ዳቦ ስጪው፣ የቦይለሩን ክፍል በር ግን ቆልፊበት። ብቻ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ምንም ነክቶ እንዳይሆን።

ራዶሚሮ

(ይህን ሲያስጽፈኝ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር። ኡ.)


ፑንታ አሬናስ፣ ጁን 22

ውድ ራዶሚሮ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ሰኞ ደረሰኝ። ቅዳሜ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የምግብ ክፍሉን ግድግዳ መቀባት ባላስፈለገኝ ነበር።

ማንም አልተጎዳም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አንተ ገጽ ዘልለህ መጨረሻውን ስለምታነብ ነው። የዶን ቤላርሚኖ ቆብ ብቻ ነው የተጎዳው።

እንጨቱን እንደ ጣት አሹለው፣ ቃጫ ጠምጥመው፣ ሬንጅ ቀብተው መጡ። ሥራው ያምራል፣ ልዋሽህ አልችልም። ቫልቭዋ ውሃ የምታወጣበት ቧንቧ ውስጥ ሦስት ጊዜ መቱት፤ አንድ ጠብታ የለም። «አየሽ?» አሉ። «አየሁ» አልኩ። እኔም እንደ ሞኝ ባልዲውን አጥቤ ሰቀልኩት። ምሳ ቀረብን። ስለ ዘጠኝ ሜትሯ ጀልባቸው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነግሩኝ ቦይለሩ እንደ ባሕር አንበሳ ማጉረምረም ጀመረ። ገብቼ ሳይ የግፊቱ መርፌ ቀዩን አልፋ መሄጃ አጥታለች። በዚያው ቅጽበት የምግብ ክፍሉ ማሞቂያ ራዲያተር መገጣጠሚያው ላይ ፍል ውሃ ተፋ፤ ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ የድንች ቂጣው ሚልካዎ ላይ።

ጋዙን ዘጋሁ። ቧንቧው ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ ጣልኩ። ከዚያ ውታፉን በፒንሳ ነቀልኩት። እንዴት እንደነቀልኩት አትጠይቀኝ፤ አንድ እግሬ ግድግዳ ላይ ነበር ብልህ ይበቃሃል። ውታፉ ብርድ ልብሱን ቀዶ ወጣ፣ የዶን ቤላርሚኖን ቆብ ከራሳቸው ላይ አንስቶ ኮሪደር ውስጥ ጣለው።

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አበልጄ፣ ጀልባ ላይ ውሃው ሊገባ ነው የሚታገለው። ሊወጣ የሚታገል ውሃ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉኝ። ማቴ ሰጠኋቸው። አንተም እንዳትቆጣቸው፤ እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩት።

ይኸው፣ ራዶሚሮ፣ እንግዲህ ፈቃድ እየጠየቅኩህ አይደለም። የሳጥኑ ቁልፍ የገና ጫማህ ውስጥ እንዳለ ከ1969 ጀምሮ አውቃለሁ። ጁላይ 20 ድረስ አራት ሳምንት አለኝ። ከሀ ጀምረህ አስተምረኝ። ራዲያተሩን ለጊዜው አጥብቄዋለሁ፤ በየትኛው መፍቻ እንደሆነ አላውቅም፣ የገጠመው ነው።

ኤዴ


ፑንታ አሬናስ፣ ጁላይ 4

ውድ ራዶሚሮ፣

በአሥር ቀን ሦስት ደብዳቤ! ስንፋቀር እንኳ እንዲህ አልጻፍክልኝም።

ያልከኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። ትርፍ የማስተንፈሻ ቫልቭ እውነትም ሳጥኑ ውስጥ ነበረች፣ በኔ ካልሲ ተጠቅልላ። (ያ ካልሲ ስድስት ዓመት ሲፈለግ ነበር።) ውሃውን አፍስሼ አሮጌዋን ፈታሁ። ውስጧን ሳየው መቀመጫው ላይ የዝገት ፍርፋሪ ተጣብቋል፤ እንዲህ ሆና እንዴት ትዘጋ? አዲሷን ቃጫ ጠምጥሜ አሰርኳት። አንድ ቀን ተኩል ደረቀች። ተደሰትኩ፣ ዘፈንኩ፣ ለዶኛ ኔልዳ አወራሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠብ።

አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። ከዚያ ደብዳቤህን ደገምኩት፦ «አፍንጫውን ቀየርሽ፣ አሁን ሕመሙን ፈልጊ።»

መርፌዋን ተከታተይ ላልከው፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እሳቱን አጠፋሁ፣ ከመንገድ ውሃ የሚያስገባውን የመሙያ ቫልቭ ድርግም አድርጌ ዘጋሁ፣ ሁለት ፖንቾ ደርቤ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ቤቱ እንደ ዓሣ ቀዘቀዘ። መርፌዋ ግን ያለ እሳት ከአንድ ተነስታ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ተኩል አለፈች። ያንተን ጽሑፍ ከፍቼ አየሁ፦ «ሳይሞቅ ከወጣች የመሙያው ቫልቭ ተዘግቶም ያሳልፋል ማለት ነው።» አገኘሁት! አንዱን ሌባ በራሴ እጅ ያዝኩት፣ ራዶ!

ሁለተኛው ቀዩ ጋን ነው፣ ያበጠው ውሃ የሚያርፍበት። በጣትሽ አንኳኪው ላልከው፦ ከላይ እስከ ታች ድፍን ነው ድምፁ። እንደ ብስክሌት ጎማ ያለችውን አፏን ስጫናት ውሃ አልተፋችም፤ እንደ አሮጊት እፍ ብላ ዝም። ውስጧ አልተቀደደም፣ አየሩ ብቻ ነው ያለቀባት። የዳኒሎ የድሮ ብስክሌት መንፊያ ምድር ቤት አለ። ጋኑን ከውሃው ለይቼ ሰኞ እነፋለሁ።

አሁን ሌላ ነገር። ሦስቱንም ደብዳቤዎች ደጋግሜ አነበብኩ። «ጎበዝ»፣ «ቀስ በይ»፣ «የጠየቅሽው ልክ ነው» ይላሉ። አንድም ቦታ አልተቆጣኸኝም። የመፍቻ ስም ተሳስቼ ጽፌልህ እንኳ አልሰደብከኝም። ከቫልቭዋ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው። መልሶ ራሱ የሚሠራው ሰው እንዲህ አያስተምርም፤ የሚያወርስ ሰው ነው እንዲህ የሚያስተምር። እጅህ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያለውን አይደለም፣ እጅህን ነው የምጠይቅህ።

ኤዴ


ፑዌርቶ ሞንት፣ ጁላይ 10

ኤዴ፣

ቀኝ እጄ አይጨብጥም። ማንኪያ አይዝም። ጣቶችህን እጠፍ ሲሉኝ ጣቶቼ ያዩኛል እንጂ አይሰሙኝም። ሐኪሙ ትንሽ ይሻሻላል እንጂ እንደ ድሮው አይሆንም ብሎኛል፣ በሜይ ነው ያለኝ። አንቺ የሚያንጠባጥብ ነገር ደበቅሽኝ፣ እኔ ይህንን። እኩል ነን።

ቦይለር ያለበት ቤት እጅ ያለው ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ቫልቭ ነው፣ ነገ ፓምፕ ነው፣ ከነገ ወዲያ ማቃጠያው ነው። ዳኒሎ ሲመጣ ቅጹ ላይ እውነቱን ጻፉ። ቤቱን ሽጡት። ውሃውን አፍስሰሽ ጋዙን ዘግተሽ ከልጅሽ ጋ ነይ። ሳንቲያጎ እንገናኛለን። እዚያ ክረምቱ ቀላል ነው።

ራዶሚሮ

(ዶኛ ኤዴልሚራ፣ እኔ አስተያየት መስጠት አይገባኝም። ግን ይህን አስጽፎኝ እራቱን ሳይነካ መልሷል፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዙሯል። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ለመላው ክፍል ነው የሚያነበው፤ ስለ ቆቡ ያለውን አራት ጊዜ አነበበልን። ኡ.)


ፑንታ አሬናስ፣ ጁላይ 17

ውድ ራዶሚሮ፣

ቦይለር ያለበት ቤት እጅ ያስፈልገዋል ብለሃል። ልክ ነህ። እዚህ ሁለት አሉ። የተሰነጣጠቁ ናቸው፣ ሬንጁም ገና አልለቀቀም፣ ግን ይጨብጣሉ።

የመሙያውን ቫልቭ ልገዛ የብረታ ብረቱ ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው ከባንኮኒው ጀርባ «ባልሽ ነው የላከሽ?» አለኝ። «ባሌ ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው፣ የግማሽ ኢንች ስጠኝ» አልኩት። ሳቀና «እሱ ሳይኖር ማን ሊገጥመው?» አለኝ። «አንተ ታውቃለህ ወይ?» አልኩት። «ኧረ እኔ ሻጭ ነኝ» አለ። «በል እንግዲያ ሽጥ!» ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁበት።

ውሃውን ከመንገድ ዘጋሁ። አሮጌውን ፈታሁ፤ ውስጡ ያለችው ጎማ እንደ ብስኩት ፈራርሳለች። አዲሱን ገጠምኩ። ዶን ቤላርሚኖ መብራት ያዙልኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም ከሥራው ይልቅ እኔን ነው የሚያየው። ራዶሚሮ፣ ከአፌ ምን እንደወጣ ታውቃለህ? «ወደ ግራ! ወደ ግራ እኮ ነው ያልኩት፣ ጣሪያውን ነው እንዴ የማጠብቀው!» ከዚያ ሽማግሌው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሰውየው ተመለሰ» አሉ።

ጋኑን በመንፊያው ነፋሁት፣ እንዳልከኝ መቶ ሃያ ጊዜ። ትከሻዬ ተገነጠለ። ውሃ ሞላሁ፣ አየሩን ከራዲያተሮቹ አስወጣሁ፣ እሳቱን ለኮስኩ። መርፌዋ ስትሞቅ አንድ ነጥብ ስምንት ደርሳ ቆመች። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው፣ ከዚያ አልወጣችም። ከቫልቭዋ ሥር ጋዜጣ አንጥፌበታለሁ፤ እንደ ብራና ደርቋል። ባልዲው ድንች ይዟል።

እና ቤቱን አልሸጥም። ውሃውንም አላፈስም። እጅህ ባይጨብጥ አፍህ ይጨብጣል፤ እሱ መቼም አይደክመው። ዳኒሎ ሰኞ ይመጣል። እራትህን ብላ።

ኤዴ

ለኡቤርሊንዳ፦ አንቺም ብትሆኚ እንዲህ ያለ ሰው ፊቱን ሲያዞር ትራሱን አዙሪበት።


ፑንታ አሬናስ፣ ጁላይ 24

ውድ ራዶሚሮ፣

ልጅህ መጥቶ ሄደ። ሁለት ሹራብና የሳንቲያጎ ካፖርት ይዞ መጣ፤ ማክሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት በካናቴራ ተቀምጦ አገኘሁት። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር። ቴርሞሜትርም ይዞ መጥቶልሃል! በየክፍሉ እየዞረ አየ፣ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር። እኔ ድንች እልጣለሁ።

በመጨረሻ ቦይለሩ ጋ ወረደ። ግድግዳው ላይ የእርሳስ ምልክቶቼን አየ፣ ቀኑንና ሰዓቱን። «እማማ፣ ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ። «መቶ ሃያ ጊዜ በብስክሌትህ መንፊያ» አልኩት። «አባባ ያውቃል?» «ያስተማረኝ እሱ ነው።» ዞር ብሎ አፍንጫውን ጠረገ። ስለ ገዢው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ከዚያ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ሐኪሙ የጻፋቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሙቀቱ የማይቋረጥ ነው? አዎ። ደረጃ አለ? አራት። መጨረሻ ላይ፦ «የማሞቂያውን ደህንነት የሚከታተለው ሰው ስም።» ዳኒሎ እስክሪብቶውን ይዞ ሊጽፍ ሲል ከእጁ ወሰድኩት። ስሜን ከነአባቴ ስም፣ በትልልቁ ጻፍኩት። የክብ ፊደል አልችልም፣ ግን ይነበባል።

ባቄላውን ረስቼው አረረ፣ እሄዳለሁ።

ኤዴ


ፑዌርቶ ሞንት፣ ኦገስት 2

ኤዴ

ይህን በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። ኡቤርሊንዳ ወረቀቱን ይዛልኛለች። አትሳቂ።

ሐኪሙ ፈረመ። ቅዳሜ በአውሮፕላን።

የፓምፑ ጎማ አሮጌ ነው፣ በዚህ ወር መቀየር አለበት። አንቺ ትቀይሪዋለሽ።

መብራቱን እኔ እይዛለሁ። ለመብራት ግራ እጅ ይበቃል። በጣም አትጩኺብኝ።

ራዶሚሮ